ከሲንክ ሥር የሚገጠም የውሃ ማጣሪያ፦ ራዲየሙን ያወጣል፣ የሻጩን ወሬ ግን እለፉት

ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብላችሁ የግል ጉድጓድ ያለው ቤት ለምታዩ ሰዎች ነው የምጽፈው። በሚኒሶታ ጥልቅ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ በየቦታው ራዲየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ይገኛል። ፋብሪካ የለቀቀው አይደለም፣ ከድንጋዩ ነው የሚመጣው። የከተማ ውሃ ቢሆን ተቆጣጣሪ አለው፤ የግል ጉድጓድ ግን የባለቤቱ ጣጣ ነው። የእኛ ሲመረመር የሁለቱ የራዲየም ዓይነቶች፣ የ226 እና የ228፣ ድምር ለከተማ ውሃ ከተቀመጠው ወሰን፣ በሊትር ከ5 ፒኮኪዩሪ (የጨረር መለኪያ ነው)፣ አልፎ ተገኘ። ራዲየም ጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ሰውነት ገብቶ የሚከማቸው አጥንት ላይ ነው። ማፍላት ደግሞ ምንም አይፈይድም፤ ውሃው ይተናል፣ እሱ እዚያው ይቀራል።

የገዛነው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን ነው። ውሃውን በግፊት ቀዳዳው በጣም ጠባብ በሆነ ስስ ማጣሪያ (ሜምብሬን) ውስጥ ያሳልፈዋል። ከተገጠመ በኋላ ናሙና ላቦራቶሪ ላክን፣ ራዲየሙ ከወሰኑ በታች ወርዷል። በዚህ አንጀቴን አርሶኛል። ዩራኒየምንም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሻጩ ብዕር የምታክል መለኪያ ውሃው ውስጥ ነክሮ ቁጥሩ ሲወርድ "ይኸው፣ ጨረሩ ጠፋ" አለን። ኧረ በማርያም! ያቺ ዕቃ የምትለካው የሟሟ ጨውና ማዕድን ነው፣ ስለ ጨረር የምታውቀው ነገር የለም፤ እሷን አምኖ የላቦራቶሪ ምርመራውን የሚተው ሰው ስንት ይሆን? ራዶንን ደግሞ ጭራሽ አላነሳውም። ራዶን እሱም ጨረር የሚያወጣ ጋዝ ስለሆነ ይህ ማጣሪያ አያቆመውም፤ ውሃውን በአየር የሚያናፍስ ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል።

ፍሰቱም ቀሰስ ያለ ነው። እንግዳ በመጣ ቀን ታንኩ ቶሎ ያልቅና ጀበናውን ይዛችሁ ክር በምታህል ውሃ ፊት ትገተራላችሁ። ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ብዙ ሊትር ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፣ ይህ ያንገበግባል። በበጎ ጎኑ የጀበናው ውስጥ ነጭ ቅርፊት መያዙን አቁሟል፣ ቡናውም ጥርት ብሏል። ለገላ መታጠቢያው አልተጨነቅንም፣ ራዲየም በቆዳ በኩል እዚህ ግባ የሚባል አይገባም።

የምትገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ኤንኤስኤፍ 58 የሚለውን፣ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያዎችን መስፈርት፣ ፈልጉ፣ ራዲየም 226/228 ተብሎም በስም መጻፉን እዩ። ካልተጻፈ ተዉት። ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጠው ባለ ከሰል ጆግ ጣዕም ያሳምር ይሆናል እንጂ ለዚህ ሥራ አይታመንም። የከተማ ውሃ የሚጠጣ ሰው ከፈለገው የእኛን ጆግ በነጻ ይውሰደው።