ባለ 200 ጠጠሩ የፖከር ሳጥን ጠንካራ ካርታ ሲደርስ እንዴት ነው?

ባሕር ዳር የተገዛው ይህ የቆርቆሮ ሳጥን 200 የፕላስቲክ ጠጠር፣ ሁለት እሽግ ካርታ፣ ቀጭን አረንጓዴ ጨርቅና የአዳይ (የካርታ አከፋፋይ) ምልክት ይዟል። (ቺፕስ ብንለው ድንቹ ትዝ ይላል፤ ገበጣ ለሚያውቅ ሰው ጠጠር ይሻላል።) በበቆሎ ፍሬና በክብሪት እንጨት ቴክሳስ ሆልደም (እያንዳንዱ ሁለት ካርታ ይዞ መሃል ከሚገለጡት አምስት የጋራ ካርታዎች ጋር የሚያጣምርበትን ፖከር) ሲጫወት ለኖረ ቡድን ትልቅ ለውጥ ነው። ጥሩና መጥፎ ጎኑ አፍጥጦ የሚወጣው ግን ጠንካራ ካርታ የደረሰው ሰው «ስንት ልመድብ?» ብሎ ሲያስብ ስለሆነ፣ የምንመዝነውም በዚያ ነው።

ጠጠሮቹ አምስት ቀለም ናቸው። 1፣ 5፣ 25፣ 50 እና 100 ተጽፎባቸዋል፤ ከእያንዳንዱ 40 አለ። መመሪያው እኩል ተካፈሉ ይላል። አትስሙት። አምስት ሰው እኩል ሲካፈል ከየቀለሙ ስምንት ስምንት ይደርስና ድምሩ 1,448 የሚባል ለስሌት የማይመች ቁጥር ይወጣል። ይልቅ ብላይንዱን (ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ሰዎች በግዴታ የሚያስቀምጡትን ትንሽና ትልቅ ምድብ) 5 እና 10 አድርጉና ለአንድ ሰው ስድስት ባለ 100፣ ስድስት ባለ 50፣ ሦስት ባለ 25 እና አምስት ባለ 5 ስጡ። ልክ 1,000 ይመጣል፤ የትልቁ ብላይንድ 100 እጥፍ መሆኑ ነው። ግማሹ ጠጠር ሳጥኑ ውስጥ ለመዘርዘሪያ ይቀራል። ባለ 1ዱን ጭራሽ አታውጡት፤ ጠረጴዛ ላይ ካለ ሁሉም በሳንቲም መመደብ ይለምዳል።

በሳንቲም መመደብ ምን ይጎዳል? ሁለት ንጉሥ ይዛችሁ 30 ብላችሁ ትልቁ ብላይንድ ብቻ ተከተለ እንበል። መሃል 65 አለ። ፍሎፑ (መጀመሪያ አብረው የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) ንጉሥ፣ 8 እና 3 ሆኖ ሁለቱ ልብ ናቸው። ሦስት ንጉሥ ሞላላችሁ። «እንዳይሸሽብኝ» ብላችሁ 15 ብቻ ብትመድቡ፣ ሁለት ልብ የያዘው ሰው 15 ከፍሎ ለ95 ይወዳደራል፤ 16 በመቶ ያህል ዕድል ይበቃዋል ማለት ነው። እሱ ካላያቸው 47 ካርታዎች 9ኙ ልብ ስለሆኑ ተርን (አራተኛው የጋራ ካርታ) ላይ ፍለሽ፣ ማለትም አምስት አንድ ዓይነት ካርታ፣ የመሙላት ዕድሉ 19 በመቶ ነው። በገዛ እጃችሁ አተረፋችሁት። አንዲት ባለ 50 ብትወረውሩ ግን ለ165 ምድብ 50 መክፈል አለበት፤ የሚያስፈልገው 30 በመቶ ይሆናል። በዚህ ዋጋ የሚከተል ሰው ወይ በኋላ ብዙ አወጣባቸዋለሁ ብሎ ተስፋ አድርጓል፣ ወይ አላሰላም።

ሌላው ብዙዎች የሚዘነጉት ምድብ እየተባዛ የሚያድግ ነገር መሆኑን ነው። በዚሁ ካርታ ፍሎፕ ላይ 50፣ ተርን ላይ 125፣ ሪቨር (አምስተኛውና የመጨረሻው የጋራ ካርታ) ላይ 300 መድቡ። ሦስቱም የመሃሉን ሦስት ሩብ ያህል ናቸው፤ በዚህ ሳጥን ጠጠር አንዳቸውም ከሦስት ፍሬ በላይ አይወስዱም። ሰውየው እስከ መጨረሻ ከተከተለ 475 ወጣበት። ፍሎፑን ቼክ ብላችሁ (ምንም ሳትመድቡ) አልፋችሁ በዚያው መጠን ከተርን ብትጀምሩ 50 እና 125፣ ጠቅላላ 175። አንዲት ዙር መዝለል 300 አስከፈለች።

የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ አገር ሰው ወርቁን በሰም መሸፈን ይወዳል፤ ጎጃም ውስጥ ፖከር ሲለመድም ጠንካራ ካርታ ደብቆ ቼክ ማለት ቶሎ የሚጣፍጠው ለዚህ ይመስለናል። መደበቅ የሚያዋጣው ፍሎፑ ደረቅ፣ ማለትም ፍለሽም ተከታታይ ቁጥርም የማያስጠብቅ ሲሆን ነው። ንጉሥ፣ 7 እና 2 በሦስት የተለያየ ዓይነት ወጥተው፣ ተቀናቃኙም ባዶ እጁን መመደብ የሚወድ ደፋር ከሆነ ቼክ በሉለት። ሁሉን የሚከተል ሰው ፊት ግን ሰሙ ለማን ነው?

አስ ጥንድ የራሱ ጣጣ አለው። ከአንድ ተቀናቃኝ ጋር እስከ ሪቨር ቢሄድ፣ የዚያኛው ካርታ ምንም ይሁን፣ በአማካይ 85 በመቶ ያሸንፋል። አራት ሰው ከተከተለው ወደ 56 ይወርዳል። ስለዚህ ከፍሎፕ በፊት 30 ወይም 40 በሉ፤ ቀድሞ 10 ብሎ ለገባ እያንዳንዱ ሰው አንድ 10 ጨምሩ። ፍሎፑ 9፣ 8፣ 7 ሆኖ ተርን ላይ 6 ሲመጣና ዝምተኛው ሰው በትልቁ ሲያስጨምር፣ ሁለቱ አስ አንድ ጥንድ ብቻ መሆናቸውን አስታውሳችሁ ጣሏቸው።

አሁን ወደ ዕቃው ጉድለት። ባለ 50ው ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ 100ው ጥቁር ነው፤ መብራት ጠፍቶ በሻማ ሲጫወቱ አይለዩም። መፍትሔው መጠኑን መጀመሪያ በአፍ መናገር ነው፤ ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ሰው 10 መድቦ ሳለ ምንም ሳትናገሩ አንዲት ባለ 100 ብትወረውሩ፣ በተለመደው ደንብ 10ን እንደተከተላችሁ ብቻ ይቆጠራል። አስ ጥንድ ይዞ ይህን መሳት ያንገበግባል።

ካርታዎቹ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ናቸው። የፈንዲሻ ዘይትና የክረምት እርጥበት ሲያገኛቸው ጠርዛቸው ያብጣል፤ ጥፍር ያረፈበት አስ ደግሞ ከጀርባው ይታወቃል። ያኔ ጠንካራ ካርታ ስትይዙ ሁሉም ይሸሻል፤ ምክንያቱ የመደባችሁት መጠን ይመስላችኋል፣ ግን ያችው ጥፍር ናት። አንዱ እሽግ ሲበላሽ በሙሉ ፕላስቲክ ካርታ ተኩት፤ እርጥብ ጨርቅ ያጸዳዋል።

ጨርቁ ስስ ነው፣ ይንሸራተታል። ከሥሩ የታጠፈ ቡሉኮ አንጥፉ፤ ለስላሳ ነገር ላይ የካርታውን ጥግ በአውራ ጣት ትንሽ ብቻ አንስቶ ማየት ይቻላል። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ግን ጥፍር አልገባ ስለሚል ካርታው ተገልብጦ ጎረቤት ያየዋል።

ሳጥኑን ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት። ከየቀለሙ 40 መኖሩን፣ በየእሽጉ ከጆከሮቹ ውጭ 52 ካርታ መሙላቱን ቁጠሩ፤ አራቱን አስ ደግሞ ከጀርባቸው ገልብጣችሁ በብርሃን እዩ።