ዲፕ ስፔስ ናይን፦ ዲቪዲ ወይስ ብሉሬይ?

ዲፕ ስፔስ ናይን ከስታር ትሬክ የጠፈር ተከታታይ የቲቪ ድራማዎች አንዱ ነው። እኛ ደሴ ያለን አፍቃሪዎቹ ጥቂት ነን፤ ክርክራችን ግን ከአቦል እስከ በረካ ይዘልቃል።

ዲቪዲ፦ አሁን አለ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። 176ቱም ክፍሎች አሉበት። ምስሉ ግን ትልቅ ቲቪ ላይ ይደበዝዛል፤ የጠፈር ጣቢያው ጨለማ ኮሪደር ጭጋግ ይመስላል።

ብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዝ ዲስክ)፦ ያምር ነበር፣ ግን የለም! ተከታታዩ በፊልም ተቀርጾ ጥራቱ ዝቅ ባለ ቪዲዮ ቴፕ ነው የተቀናበረው። ስለዚህ ፊልሙን ከሥር እንደገና መቅዳትና ማቀናበር፣ የጠፈር ውጊያውንም አዲስ መሥራት ይጠይቃል። ወጪው አይቀመስም። ሌላው የስታር ትሬክ ተከታታይ፣ ኔክስት ጄኔሬሽን፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እንዲህ ታድሶ ሽያጩ አላረካም፤ ስቱዲዮውን ያስፈራው ይኸው ይመስለኛል።

ታሪኩን ገና ያላየ ዲቪዲውን ይያዝ። ደጋግሞ ያየና ለምስል ጥራት ሟች የሆነ ይጠብቅ። ቲቪው ትንሽ ከሆነ ግን ምን አስጠበቀው?