የቆመች ካማሮ፦ የራሷን ሞተር ማደስ ወይስ መቀየር?

አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ዝናብ ሲወርድባት የኖረች የ1969 (እ.ኤ.አ.) ካማሮ (የሸቭሮሌት ስፖርት መኪና) አገኛችሁ እንበል። ሞተሯ 350 ኪዩቢክ ኢንች (5.7 ሊትር ገደማ) ነው፤ ኪሳችሁ ግን ጠበብ ያለ ነው። እሱኑ ታድሳላችሁ ወይስ ለመለዋወጫ ከታረደ ሲልቨራዶ ፒክአፕ 5.3 ሊትሩን ሞተር ታመጣላችሁ?

ወጪ
ማደስ፦ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ)፣ ብሮንዚኑ (የሚሽከረከረው ዘንግ ማረፊያ)፣ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) በየቦታው በርካሽ ይገኛል። የሚያስደነግጠው ሲሊንደሩ ተበልቶ ቶርኖ ቤት ሲገባ ነው።
መቀየር፦ ሞተሩ ራሱ ርካሽ ነው። ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። ለአሮጌው ሞተር ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር ማደባለቂያ) ከ5 እስከ 7 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) የነዳጅ ግፊት ይበቃል፤ ይሄኛው 58 ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ አዲስ ፖምፓ ይገዛል። ከዚያ የነዳጅ መስመር፣ ሽቦ፣ ኮምፒውተር፣ የሞተር መቀመጫ፣ ማርሚታ... ደረሰኙ ማለቂያ የለውም።

ቅለት
ማደስ፦ መፍቻና ትዕግሥት።
መቀየር፦ ኤሌክትሪክ የማይገባው ባይነካው ይሻላል።

ስጋት
ማደስ፦ ብሎኩ ተሰንጥቆ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። ቀድማችሁ አስመርምሩት።
መቀየር፦ ብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥር ከመኪናዋ የሻንሲ ቁጥር ጋር ከገጠመ፣ ሞተሩን መጣል ዋጋዋን ይቆርጠዋል። ብትቀይሩም አሮጌውን ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

ቁጥሩ የሚገጥም፣ ለእሁድ ሽርሽር ወይም ለሽያጭ የታሰበች ከሆነች አድሱ። ሞተሯ ድሮ ተቀይሮ ከነበረና በየቀኑ ሀይዌይ ላይ የምትነዷት ከሆነ 5.3ቱ ከነካምቢዮው ይሻላል፤ በብርድ ጠዋትም ያለ ልመና ይነሳል። ወለሏና ሻንሲዋ በዝገት ከበሰበሱ ግን የሞተሩን ብር ለላሜራ አድርጉት።