9 ወር ከሳምባ ጋር፦ ማሽኑ ደህና፣ ጣጣው የፋይል ስም

አራት ኪሎ ያለችው የዲዛይን ቢሯችን ሦስት ኮምፒውተር አላት። ሁለቱ ዊንዶውስ፣ የኔው ሊኑክስ። ፍላሽ ይዞ መመላለሱ ሲሰለቸን አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስና ሳምባ (የሊኑክስ ማሽን ፋይሎቹን በኔትወርክ ለዊንዶውስም የሚያጋራበት ሶፍትዌር) ጭነን የጋራ ማስቀመጫ አደረግነው።

በፍጥነቱ ቅሬታ የለኝም። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ሲመጣ ይነሳል። ያንገበገበኝ የፋይል ስም ነው።

መጀመሪያ «ስብሰባ 3:30» ብዬ አንድ ፋይል አስቀመጥኩ። ሊኑክስ ከእዝባር (/) በቀር ብዙም አይከለክልም። ዊንዶውስ ግን ኮለን (:)፣ ኮከብ፣ የጥያቄ ምልክት አይወድም። ሳምባ መሃል ገብቶ ለዊንዶውሱ ሌላ ስም ያወጣለታል፤ የላቲን ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ የመኪና ታርጋ የሚመስል። የሥራ ባልደረባዬ ቫይረስ መስሏት ልታጠፋው ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ የኮንዶሚኒየም ማስታወቂያ ሠርቼ በላቲን «ኮን» አልኩት። ሲ፣ ኦ፣ ኤን ዊንዶውስ ከዶስ (ከሱ በፊት ከነበረው የማይክሮሶፍት ሲስተም) ዘመን ጀምሮ ለኪቦርድና ለስክሪን የያዘው ስም ነው። እሱም ታርጋ ተለጠፈለት።

ኪሳችንን የነካው ግን የትልቅና ትንሽ ፊደል ነገር ነው። አንዱ ሎጎ በትልቅ ኤል፣ ሌላው በትንሽ ኤል ይጀምራል። ለሊኑክስ ሁለት ፋይል፣ ለዊንዶውስ አንድ ስም። ፎልደሩ ወደ ዊንዶውሱ ሲገለበጥ «ይተካ?» ብሎ ጠየቀ፤ እዚያ የሚሠራው ልጅም ሳያነብ እሺ አለ። አሮጌው ሎጎ አዲሱን ተክቶ ማተሚያ ቤት ሄደ። 500 ቢዝነስ ካርድ!

ከዚያ ወዲህ ስም የምናወጣው በአማርኛ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። (ሀምሌና ሐምሌ ሁለት ፋይል መሆናቸው የራሳችን ጣጣ ነው።) ሰዓት ስጽፍ በኮለን ፈንታ የኛን ሁለት ነጥብ «፡» አደርጋለሁ፤ ዊንዶውስ ምንም አይለውም። አንድ ገደብ ግን አለ። ሊኑክሱ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይበላል። ስለዚህ ከ85 ፊደል አያልፍም። «የመጨረሻ የተስተካከለ እንደገና የታየ» እያሉ ለሚቀጥሉ ደንበኞች ይህ አይበቃም።

ሳምባ ካቲያ የሚባል ተጨማሪ ሞጁል አለው፤ የተከለከሉ ምልክቶችን በሌላ ምልክት ቀይሮ ያሳያል። የምልክቶቹን ታርጋ ያስቀረዋል፣ የ«ኮን»ንና የሎጎውን ነገር ግን አይነካም። ከመጀመሪያው ቀን ባበራው ኖሮ ግማሹን ራስ ምታት እገላገል ነበር።

ማሽኑን አልቀይረውም። ቀጣዩ ወጪ ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ ለሚያቆየው) ነው።