ያገለገለች ኒንጃ 250 ከ14 ወር በኋላ፦ ለውድድር ትሆናለች ወይ?

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ የ2011 ሞዴል ካዋሳኪ ኒንጃ 250አር ሞተር ሳይክል በ1,900 ዶላር ገዛሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የገዛኋት ግን ለመንገድ አይደለም። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት በሚባለው ትራክ ላይ በአማተር ውድድር ልገባባት ነው። እስካሁን ስድስት የልምምድ ቀንና ሦስት ውድድር አሳልፈናል።

ትንሽ ሞተር ሳይክል የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ። በ2018 አና ካራስኮ በኒንጃ 400 የዓለም ሱፐርስፖርት 300 (ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች የሚወዳደሩበት ምድብ) ሻምፒዮን ሆነች። በሞተር ሳይክል የአስፋልት ውድድር ብቻዋን እየነዳች የዓለም ሻምፒዮን የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ያሸነፈችው በአንድ ነጥብ ልዩነት ነው። ያን ካየሁ ወዲህ ዓይኔ ከትልልቆቹ ላይ ተነሳ። በትንሽ ኢንጅን ኩርባ ላይ ያጣኸውን ፍጥነት ቀጥታው ላይ በጉልበት አትመልሰውም። ስለዚህ መንዳት ትማራለህ።

ማስታወቂያው «ለውድድር ዝግጁ» ይል ነበር። እኔም አመንኩ። መብራቱ፣ ስፖኪዮውና ታርጋ ማሰሪያው ወልቀዋል፣ የጎን ሽፋኑ የውድድር ነው። ሊብሬዋ ላይ «ሳልቬጅ» ተጽፏል፣ ማለትም ተጎድታ ኢንሹራንስ ከጥቅም ውጭ ያላት ናት። ለትራክ ብቻ ለሚገዛ ሰው ይሄ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ዋጋ ያስቀንሳል። የሻንሲ ቁጥሩን ግን ሳያጣሩ ገንዘብ መስጠት አይገባም። ኤንአይሲቢ የሚባለው፣ ስርቆትና ማጭበርበርን የሚከታተል የአሜሪካ ኢንሹራንሶች ተቋም ድረ ገጽ ላይ የተሰረቀ መሆን አለመሆኑን በነፃ ማየት ይቻላል።

ቤት አምጥቼ ለጎረቤቴ አሳየኋቸው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እንዴት ናት?» አልኳቸው። ተንበርክከው ከሥር አዩና «ልጄ፣ ኢንጅኗ ደህና ነው። ይሄ የፊት ሾክ ጎሚኒ ግን ዘይት ያለቅሳል» አሉኝ። ዘይቱ ወርዶ የፍሬን ሸራውን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። ጎሚኒውንም ሸራውንም አብረን ቀየርን።

ከዚያ ውድድሩን የሚያዘጋጀውን ክለብ ደንብ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ከመግዛቴ በፊት ነበር ማንበብ የነበረብኝ። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን፣ የዘይት መሙያው ክዳንና ፊልትሮው እንዳይላሉ በሽቦ መታሰር አለባቸው። የኔዋ ላይ አንዱም አልታሰረም። ከኢንጅኑ ሥር የሚፈሰውን ዘይት የሚይዝ ሽፋን ያስፈልጋል። ራዲያተሩ ውስጥ አንቲፍሪዝ (ውሃው በብርድ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው ፈሳሽ) አይፈቀድም፣ ውሃ ብቻ ነው። አንቲፍሪዝ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ያንሸራትታል፣ ቶሎም አይደርቅም። ከኋላ የሚመጣው ሰው ሕይወት ነው ጉዳዩ። ሽቦ የማሰሩን ሥራ ሁለት ምሽት ፈጅቼ ራሴ ሠራሁት። የሚበሳ ቡሎን በመሰርሰሪያ እየበሳሁ ሦስት ጫፍ ሰበርኩ። ተበስቶ የሚሸጠውን መግዛት ይሻላል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ሻጩን ከመጀመሪያው መጠየቅ ነበረብኝ። ለዚህ ሞዴል ሲሊንደሩን የሚያሰፋ ትልቅ ፒስተን ይሸጣል። ያ ከተገጠመ 249 ሲሲ መሆኗ ያበቃል፣ የምትገባበት ምድብም ሊቀየር ይችላል። የኔዋ የተቀየረው ጭስ ማውጫዋ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ደንቡ ከክለብ ክለብ ይለያያል። ዌራና ሲሲኤስ የሚባሉት የውድድር ክለቦችም የየራሳቸው አላቸው፣ ስለዚህ የምትወዳደሩበትን አንብቡ።

ለመሮጥ መብቃትና ከሌሎቹ እኩል መሮጥ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይሄን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ከውድድሩ በፊት የሚደረገውን የሞተር ሳይክል ምርመራ አለፍኩ፣ ምድቤም ታወቀ። መነሻው መስመር ላይ ስቆም ግራና ቀኝ ያሉት ኒንጃ 400ዎች ነበሩ። ክብደታቸው ከኔዋ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ወደ 170 ኪሎ። ኢንጅናቸው ግን 399 ሲሲ ነው። ረጅሙ ቀጥታ ላይ የኔዋ ኢንጅን በደቂቃ 13,000 ዙር ድረስ እየጮኸ እንኳ ጥለውኝ ሄዱ። ወደ አንደኛው ኩርባ ፍሬን ስንይዝ ትንሽ እቀርባቸዋለሁ፣ ስንወጣ እንደገና ይርቃሉ። ለዋንጫ የሚያስብ ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ 400 ይግዛ። ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

ታዲያ ተጸጽቻለሁ? አልተጸጸትኩም። ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን እስከ መጨረሻው ውድድር በአንድ ዙር 9 ሰከንድ አሻሽያለሁ። ኢንጅኗ ላይ ከዘይትና ፊልትሮ በቀር ምንም አልነካሁም። ጎማዋ ቀጭን ስለሆነ፣ የኋላው 130 ነው፣ ኩርባ ላይ ቶሎ ትተኛለች። አንድ ጊዜ በዝግታ ወድቄ የመሪው ጫፍና የፍሬን እጀታው ተሰበሩ። መለዋወጫውን በ40 ዶላር ገዛሁ።

ያስቸገረችኝ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተሯ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሸጡት እስከ 2012 ካርቡሬተር ናቸው፣ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ መርጨት የመጣው በ2013 ከኒንጃ 300 ጋር ነው። የብርዱን ወራት ቤንዚን ውስጧ ትቼ አስቀመጥኳት። መጋቢት ላይ አልነሳ አለች፣ ቀጫጭኖቹ ቀዳዳዎች ተደፍነው ነበር። አውርዶ ማጽዳት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ወሰደ። ከመቆሟ በፊት ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ማፍሰስ ነበረብኝ። የራዲያተሩን ውሃ ግን ጋሼ አስታውሰውኝ በጊዜው አፍስሼው ነበር። ባይሆን ኖሮ በሜሪላንድ ብርድ በረዶ ሆኖ ኢንጅኑን ይሰነጥቀው ነበር።

ሌላው የፊት ሾኳ ነው። ፋብሪካው ያስገባው ስፕሪንግ ለቀላል ሰው ነው። እኔ 84 ኪሎ ነኝ፣ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ይደፋ ነበር። ጠንካራ ስፕሪንግ ካስገባሁ በኋላ ሌላ ሞተር ሳይክል ሆነች። ከጎማ ቀጥሎ ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ጭስ ማውጫው ይቆይ።

እስካሁን ለእሷ ብቻ ያወጣሁት፣ መግዣዋን ጨምሮ፣ 3,400 ዶላር ነው። የቆዳ ልብሱ፣ ሄልሜቱ፣ ትምህርቱና የመመዝገቢያው ገንዘብ ከዚህ ውጭ ነው።

አልሸጣትም። የእህቴ ልጅ ሰኔ ላይ የጀማሪዎችን ትምህርት በእሷ ሊወስድ ተመዝግቧል። ልጁ 58 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ የድሮውን ስፕሪንግ ከሳጥኑ አውጥቼ መመለስ አለብኝ።