ዴንግፌንግ ሄዳችሁ ኩንግ ፉ ልትማሩ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ
በተለይ ቻይና፣ ዠንግዡ ከተማ ለምትማሩ የሀገሬ ልጆች ነው የምጽፈው። ክረምቱን ዶርም ከምቀመጥ ኩንግ ፉ ልማር ብላችሁ ካሰባችሁ፣ እኔ አምና ሄጄ በደንብ ተሸውጄ መጥቻለሁ።

ዴንግፌንግ በኩንግ ፉ የታወቀው የሻኦሊን ገዳም ያለባት ከተማ ናት፣ ከዠንግዡ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። የኩንግ ፉ ትምህርት ቤት እንደ አሸዋ ነው። ብዙዎቹ የግል ናቸው፣ ታፔላቸው ላይ «ሻኦሊን» ስላለ የገዳሙ እንዳይመስላችሁ። የኔው አስተማሪ ግራጫ የመነኩሴ ቀሚስ ለብሶ «34ኛ የሻኦሊን ትውልድ ነኝ» አለኝ፣ አመንኩት። ቀሚሱ እኮ ሱቅ ይሸጣል!

የሸጠልኝ «ምስጢራዊ ዪ ጂን ጂንግ» ነው። ጅማት መለወጫ እንደማለት፣ ጉልበት የሚሰጥ ሰውነት የሚያፍታታ እንቅስቃሴ። ቦዲዳርማ የሚባለው የጥንት መነኩሴ ለሻኦሊን መነኮሳት ያስተማረው ነው፣ ለውጭ ሰው አይገለጥም ብሎኝ ለአንድ ወር 6,000 ዩዋን አስቀድሜ በዊቻት ላክሁለት። ውሉ በቻይንኛ ነው፣ የኔ ቻይንኛ ደግሞ ኑድል ከማዘዝ አያልፍም። ገንዘብ አይመለስም እንደሚል ያወቅሁት በኋላ ነው። ልብስ ለብቻ ይከፈላል፣ ሰርተፊኬትም ለብቻ።

በአምስተኛው ቀን እግሬን ዘርግቼ እንደተቀመጥኩ ወገቤን በጉልበቱ ተጫነው። ጭኔ ከኋላ በኩል ጧ ሲል ተሰማኝ። «ሕመሙ ጥሩ ነው» ይለኛል! በማግስቱ መራመድ አቃተኝ፣ ገንዘቤን ስጠይቅ ውሉን አውጥቶ አሳየኝ።

እያነከስኩ ዠንግዡ ተመልሼ አንድ ጠዋት መናፈሻ ቁጭ ብያለሁ፣ አሮጊቶች ሙዚቃ ከፍተው ይሠራሉ። አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። ያው የኔ ምስጢር ነው! ለካስ የቻይና ስፖርት አስተዳደር 12 እንቅስቃሴ ያለው አድርጎ ለሕዝብ ካወጣው ቆይቷል፣ ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። የቦዲዳርማውም ነገር አፈ ታሪክ ነው፣ ጽሑፉ ተገኘ የሚባለው በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ከእሱ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ።

መሄድ አይቀርም ካላችሁ የሳምንት ብቻ ክፈሉ፣ ውሉን ቻይንኛ የሚያነብ ሰው ይይላችሁ፣ ጀርባችሁ ላይ ልውጣ የሚል ካለ ተነስታችሁ ውጡ።

እኔ አሁን ከአሮጊቶቹ ጋር ነኝ፣ ባ ዱዋን ጂን የሚባል ሌላ የቻይና እንቅስቃሴ ጀምሬያለሁ። ስምንት እንቅስቃሴ ነው፣ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አንዷ እማማ በየቀኑ ክንዴን ያስተካክሉልኛል፣ በነጻ። ሰርተፊኬት ግን የለም።