ባለ 50 አምፒር አወሯ የሶላር ሳጥኔ ከመንፈቅ በኋላ፦ ባትሪው አነሰ ወይ?

ከቦታ ቦታ የምትንቀሳቀስ የሶላር ሳጥኔን ከገጣጠምኳት መንፈቅ አልፏል። ውስጧ ያለው አራት ባለ 3.2 ቮልት ሊትየም አይረን ፎስፌት ሴል በሲሪስ (አንዱ ከአንዱ ተከታትሎ) ታስሮ (12.8 ቮልት፣ 50 አምፒር አወር)፣ ባለ 50 አምፒር ቢኤምኤስ (ባትሪውን ከጉዳት የሚጠብቅ፣ ሲበዛበት የሚቆርጥ ሰርኪዩት)፣ ባለ 20 አምፒር ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር (ከፓኔሉ የሚመጣውን ለባትሪው አስተካክሎ የሚሞላ)፣ 300 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ወደ ቤት ሶኬት አይነት ኤሌክትሪክ የሚቀይር)፣ ከውጪ ደሞ ታጣፊ 120 ዋት ፓኔል ነው። ስሰራት ያየኝ ሁሉ "50 ምን ሊያደርግልህ ነው፣ ቢያንስ 100 አርገው" ይለኝ ነበር። እኔ አሁንም 50ው ላይ ነኝ።

አምፒር አወር የሚለውን ቁጥር ብቻውን አትዩት፣ ቮልቱን አብዙበትና ወደ ዋት አወር (ባትሪው የያዘው የጉልበት መጠን) ቀይሩት። የኔ 12.8 በ50፣ 640 ዋት አወር ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር አወር የሚል ፓወር ባንክ የሚሰላው በ3.7 ቮልት ስለሆነ 74 ዋት አወር ብቻ ነው፣ ሰው ግን "20 አምፒር አወር አይደል እንዴ" ብሎ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል፣ ከዛ ሂሳቡ ሁሉ ይምታታል።

የኔ የቀን ፍጆታ ላፕቶፕ 45 ዋት ለ4 ሰዓት 180፣ ዋይፋይ ራውተር 10 ዋት ለ10 ሰዓት 100፣ ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 50፣ ሁለት ስልክ 30 ገደማ፣ ድምር 360 ዋት አወር። በመንገድ ላይ የሚባክነውን 15 ፐርሰንት ስታስቡት ከባትሪው የሚወጣው 425 አካባቢ ይሆናል። ከ640ው ላይ 10 ወይ 15 ፐርሰንቱን ሳልነካ ብተወው እንኳ ቀኑን ይዘልቃል፣ ትንሽም ይተርፋል።

ይሄ ሂሳብ ግን የሚሰራው ኢንቨርተሩን ካወቃችሁበት ነው። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት ዝም ብሎ ሲበራ ራሱ ይበላል። ማታ ሁሉንም ነቅዬ ሚትሩን ሳየው 0.8 አምፒር ይላል፣ ማለትም 10 ዋት ገደማ፣ ሳጥኑ ላይ ደሞ አረንጓዴዋ መብራት ብቻ ነች የምትታየው። 10 ዋት ትንሽ ይመስላል አይደል? በ24 ሰዓት 240 ዋት አወር ነው፣ ከባትሪዬ ሲሶ በላይ! ስለዚህ ራውተሩ 12 ቮልት ስለሆነ መሀል ላይ ቮልቴጅ ማስተካከያ አድርጌ ከባትሪው በቀጥታ ነው የሚሰራው (ባትሪው ሲሞላ ከ14 ቮልት ስለሚያልፍ እንዲሁ ማገናኘት ጥሩ አይደለም)፣ ላፕቶፑ በ65 ዋት ታይፕ ሲ የመኪና ቻርጀር፣ አምፖሎቹም 12 ቮልት ናቸው። ኢንቨርተሩ አሁን የሚበራው ሌላ መንገድ ለሌለው እቃ ብቻ ነው። ባትሪ አነሰኝ የሚል ሰው ሁለተኛ ባትሪ ከመጨመሩ በፊት መጀመሪያ እዚች ጋ ቢያይ ብዬ ነው።

ሌላው ሚትር ነው። አራት መስመር የሚያሳዩት ርካሽ የቮልት ማሳያዎች ለአሲድ ባትሪ ያገለግሉ ይሆናል፣ ለዚህ ሊትየም ግን ዋጋ የላቸውም። ቮልቱ ከ13.3 ወደ 13.0 እስኪወርድ ግማሽ የሚያህለው ባትሪ ሄዷል፣ ማሳያው ግን አሁንም ሙሉ ነኝ ይላችኋል፣ ከዛ መጨረሻ ላይ ድንገት ገደል ይገባል። ሻንት (የሚያልፈውን አምፒር የሚለካ ቁራጭ) ያለው፣ የገባና የወጣውን አምፒር የሚቆጥር ሚትር ነው የሚያስፈልገው። እሱም ቢሆን ቀስ በቀስ ይዛነፋል፣ የኔው 30 ፐርሰንት አለ እያለ ቢኤምኤሱ የዘጋበት ጊዜ አለ። አልፎ አልፎ ጢም አድርጎ ሞልቶ 100 ላይ መመለስ ነው መፍትሄው።

"ውሃ ያፈላል?" የሚለኝ ብዙ ነው። አያፈላም፣ ግን ጉልበት አንሶት አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ለማድረስ 93 ዋት አወር ነው የሚያስፈልገው፣ ባትሪው ውስጥ ይሄ ሞልቶ ተርፏል። ችግሩ 1,500 ዋት ማፍያ በ12.8 ቮልት ከ117 አምፒር በላይ መጠየቁ ነው፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲጨመር ደሞ ይብሳል፣ 300 ዋቱ ኢንቨርተሬ ራሱ አይችለውም፣ ቢችል እንኳ ቢኤምኤሱ 50 ላይ ይቆርጣል። ምን ያህል ሰዓት ይቆያል እና በአንዴ ምን ያህል ይሰጣል የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፣ ሞተር ያለው ነገር ሲነሳ ከተጻፈበት ዋት ብዙ እጥፍ ስለሚስብ እሱንም ከሁለተኛው ጋር ነው ማሰብ ያለባችሁ።

አሁን ወደ 100ው ልመለስ። የኔ 120 ዋት ፓኔል በጥሩ ፀሐይ 85፣ 90 ዋት ነው የሚሰጠኝ፣ ሲግል ደሞ ይቀንሳል (ከ25 ዲግሪ በላይ በየዲግሪው 0.3 ወይ 0.4 ፐርሰንት ያጣል)። 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካገኘሁ 450 ዋት አወር ገደማ ነው፣ ማለትም የአንድ ቀን ፍጆታዬን በአንድ ቀን ይመልሳል። በዚሁ ፓኔል 1,280 ዋት አወር ባትሪ ከባዶ መሙላት ግን ሶስት ቀን ሊፈጅ ነው፣ ያውም ምንም ሳይጠቀሙበት። ትልቅ እንስራ በጭልፋ መሙላት ማለት ይሄ ነው። ክብደቱም አለ፣ 50ው ወደ 6 ኪሎ ሲሆን 100ው እጥፍ ይጠጋል፣ ተንቀሳቃሽ ብለን ነው እኮ የጀመርነው። ቦታው የማይነቃነቅ ከሆነና ፓኔሉም ትልቅ ከሆነ 100ውን አድርጉት፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም።

የአሲድ ባትሪ ይሻላል ለሚሉ፣ 100 አምፒር አወሩ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ እድሜው እንዲቆይ ከግማሽ በታች ማውረድ የለባችሁም፣ ስለዚህ በተግባር ከኔ 50 ብዙም አይበልጥም። የመጨረሻዋን 20 ፐርሰንት ለመሙላትም ሰዓታት ይፈጃል፣ ፀሐይ ደሞ አትጠብቅም።

ሊትየሙን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አታድርጉት። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን። ኮንትሮለሩ ላይ ኢኩዋላይዝ የሚለው (ለአሲድ ባትሪ የተሰራ ከፍ ባለ ቮልት መሙላት) መጥፋቱን ቼክ አድርጉ።

ቀጥሎ የምጨምረው ፓኔል ነው፣ ሌላ ባለ 120። 20 አምፒሩ ኮንትሮለር በዚህ ቮልት እስከ 260 ዋት ስለሚችል ሁለቱን ይይዛቸዋል፣ ደመና ባለበት ቀንም ሳጥኗ እስከ ማታ የመሙላት እድሏ ይሰፋል።